ሚሼል ዩዤን ሼቭረል፤ የሳሙናንና የቀለምን ምሥጢር የገለጠ ሊቅ

በየቤታችን የሚደርስ ነገር ነው። በበዓል ቀን እንግዳ ተሰብስቦ ሲበላና ሲጠጣ የአንዱ እጅ ይስትና የወጥ ቅባት ወይም ቡና ከምንጣፉ ላይ ይፈሳል። እንግዳው ያፍራል፤ የቤቱ እመቤት ግን ምንም አይደለም ብላ ታጽናናዋለች። እንግዶቹ እንደ ሄዱ ውሃ አፍልታ፥ ሳሙና ይዛ፥ ምንጣፉን መፈተግ ትጀምራለች። እርሷ በፈተገች መጠን እድፉ እየሰፋ ይሄዳል። በማግሥቱ ምንጣፉ ሲደርቅ ያው እድፍ ከፊተኛው ሰፍቶ፥ ዙሪያውን ክብ መስመር አበጅቶ ይታያል። ያ ሁሉ ድካም ምን ጐደለው? ጉልበት አልጐደለውም፤ ሳሙናም አልጐደለውም። የጐደለው የእድፉን ጠባይ ማወቅ ነው።

ቅባት ምንድን ነው? ሳሙናስ ቅባትን የሚያስለቅቀው በምን ኃይል ነው? ቀለም በሱፍ ላይ ጸንቶ የሚቆየው ለምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ዕድሜውን ሙሉ የመረመረ አንድ ሰው ነበረ። ስሙ ሚሼል ዩዤን ሼቭረል ይባላል፤ አገሩ ፈረንሳይ ነው። መቶ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ኖሮ፥ ከንጉሥ ሉዊ 16ኛ ዘመን ጀምሮ የኤፌል ግንብ ተሠርቶ እስከ ተፈጸመበት ጊዜ ድረስ ያለውን ሁሉ አይቷል። የዚህን ሰው ታሪክ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባብያን በአጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሼቭረል በነሐሴ ወር መጨረሻ በ1786 ዓ.ም. አንዤ በምትባል በምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኝ ከተማ ተወለደ። አባቱ የታወቀ ሐኪም ነበር። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሳይሞላው የፈረንሳይ ታላቅ አብዮት ፈነዳ። አንዤም ከሁከቱ አላመለጠችም፤ ብላቴናው ገና በለጋ ዕድሜው በከተማው አደባባይ ሰዎች በጊዮቲን አንገታቸው ሲቀላ ለማየት በቃ። አብያተ ክርስቲያናትና የቀድሞዎቹ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ የመጀመሪያ ትምህርቱን የተማረው በቤቱ ነው። ኋላም መንግሥት በከተማው አዲስ ትምህርት ቤት ባቋቋመ ጊዜ ገብቶ ቋንቋዎችን፥ ሒሳብንና የተፈጥሮ ሳይንስን ተማረ። ከሁሉ ይልቅ ልቡን የሳበው ኬሚስትሪ ነበር።

በ1803 ዓ.ም. ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም ቮክለን ከሚባለው ስመ ጥሩ የኬሚስትሪ ሊቅ ዘንድ ደቀ መዝሙር ሆኖ ገባ። ቮክለን ይሠራበት የነበረው ስፍራ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚባለው ታላቅ ተቋም ነው። ሼቭረል ሥራ የጀመረው ለጨርቅ ማቅለሚያ ከሚያገለግሉ እንጨቶችና ዕፀዋት ውስጥ ቀለሙን እየለየ በማውጣት ነው። ትጋቱንና ጥንቃቄውን መምህሩ አይቶ አመነው፤ ጥቂት ቈይቶም በሙዚየሙ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በ1813 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ በሚገኘው የሻርለማኝ ሊሴ መምህር ሆነ።

አሁን ወደ ታላቁ ሥራው እንመጣለን። በ1811 ዓ.ም. ሼቭረል ከአሳማ ስብና ከፖታሽ የተሠራ ለስላሳ ሳሙና መመርመር ጀመረ። ሳሙና በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም። ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ጀምረው ሞራን ወይም የወይራ ዘይትን ከአመድ ውሃ ጋር እያፈሉ ሳሙና ያበጁ ነበር። ሠሪዎቹ እጃቸው ያውቀዋል፤ የተማሩትም ቢሆኑ ሳሙና ማለት ቅባቱና የአመዱ ጨው አንድ ላይ ተዋሕደው የሚሠሩት ነገር ነው ከማለት በቀር የውስጡን ነገር የተረዳ አልነበረም። ቅባትም ሊከፈል የማይችል አንድ ወጥ ነገር ይመስላቸው ነበር።

ሼቭረል ሳሙናውን በውሃ አሟሟና አሲድ ጨመረበት። በዚህን ጊዜ ከሳሙናው ተለይቶ እንደ ዕንቍ የሚያበራ ነጭ ነገር ወጣ። ነገሩ ቅባት ይመስላል፤ ጠባዩ ግን የአሲድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የበጉን፥ የበሬውን፥ የፍየሉን፥ የአሳማውን፥ የዝይውንም ስብ፥ ቅቤውንም ጭምር አንድ በአንድ መረመረ። ያገኘውን ነገር ንጹሕ መሆኑን ለማረጋገጥ በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚቀልጥ ይለካ ነበር፤ ደጋግሞ አጣርቶ የሚቀልጥበት ሙቀት ካልተለወጠ ነገሩ ንጹሕ ነው ይላል። ይህ ዘዴ ዛሬም በኬሚስትሪ ላቦራቶሪዎች ይሠራበታል። እኛም ተማሪዎቹ በትምህርት ቤት እንማረዋለን።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ከደከመ በኋላ በ1823 ዓ.ም. ከእንስሳት ስለሚገኙ ቅባቶች የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ቅባት አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ ቅባታዊ አሲዶች የሚባሉት ነገሮችና ግሊሰሪን የሚባለው ጣፋጭ ወፍራም ፈሳሽ ተጣምረው የሠሩት ነው። ቅባቱ ከአመድ ውሃ ወይም ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲፈላ ጥምረቱ ይፈርሳል። ቅባታዊው አሲድ ከአልካሊው ጋር ተዋሕዶ ሳሙና ይሆናል፤ ግሊሰሪኑ ብቻውን ይቀራል። ግሊሰሪንን አስቀድሞ ያገኘው ሼሌ የሚባል የስዊድን ኬሚስት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ግን ሼቭረል ነው።

ሼቭረል ካገኛቸው አሲዶች አንዱ ለእኛ አገር ሰው በጣም የቀረበ ነው። ይህም ከቅቤ ያወጣው አሲድ ነው፤ በላቲን ቋንቋ ቅቤ ከሚለው ስም ወስዶ ቡቲሪክ አሲድ ብሎታል። ቅቤ ሲቈይና ሲበላሽ የሚያመጣው ኃይለኛ ሽታ ከዚህ አሲድ የሚመጣ ነው። ቅቤ የፈሰሰበት ምንጣፍ ላይ ላዩን ተጠርጎ ዓይን የማያየው ቢመስልም ከጥቂት ቀን በኋላ ሽታው የሚያጋልጠው ስለዚህ ነው። ከምንጣፉ ጸጉር ሥር የቀረው ቅቤ ቀስ እያለ ይፈርስና ይህን አሲድ ይለቃል። እንግዲህ ሽቶ ቢረጩበት ሽታውን ለአንድ ቀን ይሸፍነው እንደ ሆነ ነው እንጂ አያጠፋውም፤ መውጣት ያለበት ቅባቱ ራሱ ነው።

ሳሙና ይህን ቅባት የሚያወጣበትን መንገድ ዛሬ በሚገባ እናውቀዋለን። የሳሙናው ቅንጣት አንዱ ጫፍ ቅባትን ይወዳል፤ ሌላው ጫፍ ውሃን ይወዳል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ ከእድፉ ጋር ይያያዛል፤ ውሃ ወዳዱ ጫፍ ወደ ውሃው ይስባል። በዚህ ዓይነት ቅባቱ በጥቃቅን ተከፋፍሎ፥ በሳሙና ተከቦ፥ ከጸጉሩ ተለይቶ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በዚህን ጊዜ ውሃው በጨርቅ ተመጥጦ ከተወሰደ ቅባቱ አብሮ ይሄዳል፤ ካልተወሰደ ግን ውሃው ሲደርቅ ቅባቱ ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ይቀራል። በመጀመሪያ የተናገርነው የክብ መስመር ምሥጢር ይህ ነው። እመቤቲቱ ቅባቱን አስለቅቃዋለች፤ ነገር ግን መጥጣ አላወጣችውም፤ ወደ ዳር ገፋችው እንጂ።

አንድ ሌላም ነገር አለ። በአንዳንድ አገር የጕድጓድ ውሃ የኖራ ጠባይ ስላለበት ሳሙና አያረፋም። ምክንያቱም የሳሙናው ቅባታዊ አሲድ ከኖራው ጋር ተያይዞ በውሃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ስለሚሆን ነው። ይህ ዝቃጭ ከምንጣፍ ጸጉር ውስጥ ከገባ ራሱ ሌላ እድፍ ይሆናል። የዝናብ ውሃ ለእጥበት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሼቭረል ያገኘው ዕውቀት ወዲያው ለሰው ጥቅም እንዲውል ፈለገ። በዚያን ዘመን ድሃው ሕዝብ ያበራ የነበረው የሞራ ሻማ ነው፤ ይህም ይጨሳል፥ ይሸታል፥ በቶሎ ይቀልጣል። የሰም ሻማ ግን ዋጋው ውድ ስለ ሆነ ለቤተ ክርስቲያንና ለባለጠጋ ብቻ ነበር። ሼቭረል ከሞራ ውስጥ ጠንካራውን አሲድ፥ ማለት ስቴሪክ አሲድን ለይቶ ካወጣ በኋላ ከዚህ ሻማ ቢሠራ ጭስና ሽታ እንደማይኖረው ተረዳ። በ1825 ዓ.ም. ጌ ሉሳክ ከሚባለው ሊቅ ጋር ሆኖ የፈጠራ ሥራ መብት ወሰደ። ይሁን እንጂ ንግዱ አልቀናቸውም። ነገሩን አሻሽለው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካ ያቆሙትና የተጠቀሙት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ሼቭረል ከዚያ በኋላ ከንግድ ርቆ ወደ ምርመራው ተመለሰ። የእርሱ ትርፍ የድሃው ቤት ጥሩ ብርሃን ማግኘቱ ነበር።

በ1824 ዓ.ም. ንጉሥ ሉዊ 18ኛ ሼቭረልን በጎብለን የማቅለሚያ ሥራ ኃላፊ አድርገው ሾሙት። ጎብለን በፓሪስ ከተማ በቢየቭር ወንዝ አጠገብ የሚገኝ የመንግሥት የሥራ ቤት ነው፤ በግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሥዕል የተሸመነባቸው ድንቅ ስጋጃዎች ይሠሩበታል። በ1820ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ደግሞ ሳቮንሪ የሚባለው የወለል ምንጣፍ የሥራ ቤት ወደዚያው ተዛውሮ ከጎብለን ጋር ተቀላቀለ። ሳቮንሪ ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ የሉቭር ቤተ መንግሥት ታላቅ አዳራሽ 93 ምንጣፎች እንዲሠራ የታዘዘ ዝነኛ የሥራ ቤት ነው። ስሙ የመጣው ቀድሞ በአንድ የሳሙና መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቋቁሞ ስለ ነበረ ነው፤ ሳቮንሪ ማለት የሳሙና መሥሪያ ማለት ነውና። የሳሙናን ምሥጢር የገለጠው ሰውና ከሳሙና ቤት የተወለደው ምንጣፍ በአንድ ግቢ መገናኘታቸው የሚያስገርም ነው።

ሼቭረል በጎብለን ሥራውን ሲጀምር ብዙ አቤቱታ ጠበቀው። ከሁሉ የከፋው ስለ ጥቁሩ ቀለም የቀረበው ነው። ሸማኔዎቹ በሰማያዊና በወይን ጠጅ ቀለም ጥላ ውስጥ የሚያስገቡት ጥቁር ሱፍ ደብዝዞ፥ ኃይል አጥቶ ይታይ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የቀለም ነካሪዎቹ ነው ተባለ። ነገሩ ቀላል ክስ አልነበረም፤ የእጅ ባለሙያ ስሙ ከጠፋ እንጀራውም ይጠፋልና። አዲሱ ኃላፊ ሠራተኞቹን መቅጣት ወይም ማባረር ይችል ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ መመርመርን መረጠ። ከሌላ አገር ሥራ ቤቶች ጭምር የተመሰገነ ጥቁር ሱፍ አስመጣና ከጎብለኑ ጋር አስተያየ። የጎብለን ጥቁር ከሌላው የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም።

እንግዲያስ ጥፋቱ የማን ነው? ሼቭረል በመጨረሻ ያገኘው መልስ ማንም ያልጠበቀው ነበር። ጥፋቱ በሱፉ ላይ አልነበረም፤ በቀለሙም ላይ አልነበረም፤ በሚያየው ሰው ዓይን ውስጥ ነበረ። ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይናችን ልዩነታቸውን አጋንኖ ያሳየናል። ነጣ ያለው ይበልጥ ይነጣል፤ ጠቆር ያለው ይበልጥ ይጠቁራል። እያንዳንዱም ቀለም የራሱን ተቃራኒ ቀለም በጎረቤቱ ላይ ይጥላል። ሰማያዊና ወይን ጠጅ ባጠገቡ ያለውን ጥቁር ወደ ብርቱካንማና ወደ ቢጫ ያዘነብሉታልና ጥቁሩ የደበዘዘ ይመስላል። ያንኑ ክር አውጥቶ ከነጭ ሱፍ አጠገብ ቢያኖሩት ግን ጥቁርነቱ ይመለሳል። በዚህ ማስረጃ ቀለም ነካሪዎቹ ነፃ ወጡ።

ይህን ምርመራ በ1839 ዓ.ም. በታላቅ መጽሐፍ አወጣው። ቀለማትንም በ72 ክፍል የተከፈለ ክብ አድርጎ መደባቸው፤ ሸማኔው፥ ቀለም ነካሪውና ሠዓሊው ስለ አንድ ቀለም ሲነጋገሩ በትክክል እንዲግባቡ ብሎ ነው። የእርሱን ሐሳብ ዦርዥ ሴራን የመሰሉ ሠዓልያን ተከትለውት አዲስ የአሣሣል ዘዴ ፈጠሩበት።

ይህ ነገር ለቤታችንም ምንጣፍ ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ አንድ እድፍ ከታጠበ በኋላ ስፍራው ከሌላው ነጥቶ ስለሚታይ ሳሙናው ቀለሙን በላው እየተባለ ይለቀሳል። እንዲህ ያለ ጕዳት በእውነት የሚደርስበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የታጠበው ስፍራ የምንጣፉን እውነተኛ ቀለም የያዘ ነው፤ የቈሸሸው በዙሪያው ያለው ነው። አቧራ ቀስ በቀስ ሲለብሰው ያላስተዋልነውን ምንጣፍ አንዲት ንጹሕ ስፍራ አጠገቡ ስትመጣ ትገልጠዋለች። ነገሩን ለማወቅ ከወንበር ወይም ከሣጥን ሥር ተሸፍኖ ከኖረው ክፍል ጋር ማስተያየት ይበቃል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ታጥቦ የጸዳውን ማማረር ሳይሆን የቀረውን ማጽዳት ነው።

ሼቭረል በጎብለን ሳለ ስለ ማቅለም ሥራ ብዙ ምርምር አድርጓል። ቀለም በሱፍ ላይ እንዲጸና ቀለም ነካሪዎች ሱፉን አስቀድመው አሉም በሚባለው የማዕድን ጨው ውሃ ያፈሉታል፤ ይህ ጨው ቀለሙንና ጸጉሩን እንደ ማሰሪያ ያያይዛቸዋል። ጥቁር ቀለም ደግሞ ታኒን የሚባለውን ከዛፍ የሚገኝ ኮምጣጣ ነገር ከብረት ጨው ጋር በማዋሐድ ይገኝ ነበር። የተነከረ ሱፍ፥ ሐርና ጥጥ በፀሐይ እንዴት እንደሚደበዝዝም በጥንቃቄ ፈተነ። አንዳንዱን በክፍት አየር፥ አንዳንዱን በደረቅ አየር፥ አንዳንዱን አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ አድርጎ ለብርሃን አጋለጠ። ከዚህም ብዙ ቀለሞችን የሚያጠፋቸው ብርሃን ብቻውን ሳይሆን ብርሃን ከአየርና ከእርጥበት ጋር ተባብሮ እንደ ሆነ አስረዳ። እርጥብ ምንጣፍ በቀትር ፀሐይ ከሚሰጣ በጥላና በነፋስ ቢደርቅ ቀለሙ ይጠበቃል የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ አስተውለን ብናየው አልለቅም ያለ እድፍ ማለት ያለ ቦታው የገባ ቀለም ማለት ነው። ቀለም ነካሪው ቀለሙ እንዳይለቅ ይደክማል፤ የቤት እመቤት ቀለሙ እንዲለቅ ትደክማለች። ሁለቱም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የሚይዘው ነገር ምን እንደ ሆነና የሚያስለቅቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። ሻይ ታኒን አለበት፤ ስለዚህ ከዛገ ብረት ጋር ከተገናኘ እንደ ቀለም ነካሪዎቹ ጥቁር ይጠቁራል። ሻይ በፈሰሰበት ምንጣፍ ላይ የዛገ ባልዲ ማስቀመጥ እድፉን በገዛ እጅ እንደ መንከር ነው።

ዛሬ በኬሚስትሪ ከታወቀው የሚከተለውን ምክር ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን፥ ለራሳችንም ጭምር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የፈሰሰውን ነገር ወዲያው በነጭ የጥጥ ጨርቅ ተጭኖ መምጠጥ እንጂ መፈተግ አይገባም። ከዳር ወደ መካከል እየተሄደ ቢመጠጥ እድፉ አይሰፋም። ወፍራም ነገር ከሆነ አስቀድሞ በማንኪያ ይነሣ።

ሁለተኛ፤ ቅባት ወይም ቅቤ ከሆነ ደረቅ ዱቄት ነስንሶ ጥቂት ሰዓት ማቈየት ነው። ዱቄቱ ቅባቱን ከጠጣ በኋላ በብሩሽ ይጠረጋል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ በተበጠበጠ ለስላሳ ሳሙና ይነካካል፤ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ እየተነከረ ይመጠጣል። ሳሙናው ሳይወጣ ከቀረ አቧራ ይስብና ስፍራው እንደ ገና ይጠቁራል።

ሦስተኛ፤ ደም፥ ወተትና እንቍላል በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይታጠባሉ። የፈላ ውሃ ከነካቸው እንቍላል በመጥበሻ ላይ እንደሚረጋ ሁሉ በጸጉሩ ውስጥ ይረጋሉና ከዚያ በኋላ ማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው።

አራተኛ፤ ቡና፥ ሻይና የወይን ጠጅ ከተመጠጡ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ፥ ቀጥሎም ጥቂት ኮምጣጤ በተጨመረበት ውሃ ይነካካሉ።

አምስተኛ፤ የሻማ ቀልጦ መፍሰስ በብዙ ቤት አለ። እስኪደርቅ ጠብቆ በማንኪያ መፋቅ፥ ከዚያ ስስ ወረቀት ጣል አድርጎ ለብ ያለ ካውያ ማሳለፍ ነው። ሰሙ ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ይሸጋገራል።

ስድስተኛ፤ ምንጣፉ የሱፍ ከሆነ በረኪና፥ ኮስቲክ ሶዳ ወይም የበረታ የአመድ ውሃ ፈጽሞ አይነካው። እነዚህ እድፉን ሳይሆን ሱፉን ራሱን ይበሉታል። ማናቸውም መድኃኒት ቢሆን አስቀድሞ በማይታይ የምንጣፍ ጥግ ላይ ይሞከር።

ወደ ሼቭረል ታሪክ እንመለስ። በ1826 ዓ.ም. የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል አድርጎ መረጠው። መምህሩ ቮክለን ከሞተ በኋላ በ1830 ዓ.ም. በሙዚየሙ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰርነቱን ወረሰ፤ ኋላም የሙዚየሙ ዳይሬክተር ሆነ። በ1857 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ኮፕሊ የተባለውን ከፍተኛ ሜዳይ ሸለመው። ይህ ሁሉ ክብር ሲመጣለት ኑሮውን አልለወጠም። የወይን ጠጅ አይጠጣም ነበር፤ ማልዶ ወደ ላቦራቶሪው ይሄዳል፤ ራሱንም ከተማሪዎች ሁሉ በዕድሜ የሸመገለ ተማሪ እያለ ይጠራ ነበር።

የጥቁሩን ሱፍ ነገር የመረመረበት ልብ በሌላም ሥራው ይታያል። በዘመኑ ብዙ ሰዎች በክር የተንጠለጠለ ቀለበት ይዘው ራሱ እየተወዛወዘ የተሰወረ ነገር ይነግረናል ይሉ ነበር። ሼቭረል አልሳቀባቸውም፤ ራሱ ክሩን ይዞ ፈተነው እንጂ። ቀለበቱን እያየ ሲይዘው ይወዛወዛል፤ ዓይኑን በጨርቅ ሲሸፍነው ግን መወዛወዙ ይቀራል። ስለዚህ የሚያንቀሳቅሰው የያዘው ሰው እጅ መሆኑን፥ ሰውዬውም ይህን ሳያውቀው የሚያደርገው መሆኑን በ1833 ዓ.ም. ጽፎ አሳወቀ። ሰው ሳይዋሽ ሊሳሳት እንደሚችል እዚህም አስረዳ።

ኀዘንና መከራም አልቀረለትም። ባለቤቱ በ1862 ዓ.ም. ሞተችበት። የፕሩስያ ጦር በ1870 እና በ1871 ዓ.ም. ፓሪስን ከብቦ በመድፍ ሲደበድብ ሼቭረል 84 ዓመቱ ነበር፤ የመድፍ ጥይትም ሙዚየሙ ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ከስፍራው አልሸሸም። በ1871 ዓ.ም. በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ የጎብለን ሥራ ቤት ከፊሉ ተቃጠለ፤ የብዙ ባለሙያዎች ድካም የሆኑ ስጋጃዎች አመድ ሆኑ። እድፍን የሚያስለቅቅ ዕውቀት አለ፤ እሳት የበላውን የሚመልስ ግን የለም።

በ1886 ዓ.ም. መቶ ዓመት በሞላው ጊዜ የፈረንሳይ ሕዝብ ታላቅ በዓል አደረገለት። ናዳር የተባለው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ሽማግሌውን እያነጋገረ፥ ልጁም ፎቶግራፍ እያነሣ፥ ጭውውታቸው ከሥዕሉ ጋር በጋዜጣ ወጣ፤ ይህም በጋዜጣ ታሪክ አዲስ ነገር ነበር። የኤፌል ግንብ በሚሠራበት ጊዜ በግንቡ ላይ ስማቸው ከተጻፈላቸው 72 የፈረንሳይ ሊቃውንት አንዱ እርሱ ነው፤ ከእነዚህም በሕይወት የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ግንቡ መጋቢት 31 ቀን 1889 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው ሰሞን ልጁ ሞተ። እርሱም ሚያዝያ 9 ቀን በፓሪስ አረፈ። መንግሥት በኖትር ዳም ካቴድራል በታላቅ ሥነ ሥርዓት ሸኘው።

በአገራችን እናቶቻችን ነጭ ልብስ በእንዶድ ያጥቡ ነበር። እንዶድ እንደ ሳሙና ያረፋል፤ ነገር ግን ቅባት የለበትም፤ አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል በፍሬው ውስጥ ካለ ነገር ነው። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፥ ለምን ብሎ በመጠየቅ ቢልሐርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል መድኃኒት አገኘ። የልብስ አጣቢዎችን ስፍራ ብዙ ሰው ያልፍበታል፤ ቆሞ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሼቭረልም ከተራ የሳሙና ቍራጭ የተነሣ ሰው ነው።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ነገር ለምንጣፍ ብቻ አይደለም። አልለቅም ያለ እድፍ ሲያጋጥመን ቶሎ ብለን የምናደርገው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ በኃይል እንፈትጋለን፥ ወይ ያፈሰሰውን ሰው እንወቅሳለን። ሼቭረል ሁለቱንም አላደረገም። አስቀድሞ ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እንዲህ በመጠየቁ ሳሙናን ዐወቀ፤ የድሃውን ቤት አበራ፤ ያለ በደላቸው የተከሰሱትን ቀለም ነካሪዎች ነፃ አወጣ። እኛም ተማሪዎች ነገ በየሥራችን ስንሰማራ፥ ነውር አየን ብለን ከመፍረዳችን በፊት ነውሩ በጨርቁ ላይ ይሁን በዓይናችን ውስጥ አስቀድመን ብንመረምር የሽማግሌውን ተማሪ ፈለግ እንከተላለን።